«ሲያስፈልግ» የሚሰጥ ማረጋጊያ፦ የ14 ቀኑ ገደብ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

ጠያቂ፦ አሜሪካ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) የምትሠሩ ብዙ ናችሁና ላከራክራችሁ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ወዲህ በፌዴራል ደንብ፣ ፒአርኤን (ሲያስፈልግ ብቻ እንዲሰጥ) የታዘዘ ማረጋጊያ ከ14 ቀን አያልፍም። ይራዘም ከተባለ ሐኪሙ ምክንያቱንና እስከ መቼ እንደሆነ መጻፍ አለበት። እንደ ሃልዶል ያሉት አንቲሳይኮቲኮች (ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት) ግን ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ታማሚውን ካላየ አይታደሱም። ይሄ ለአረጋውያኑ ነው ወይስ ለወረቀት?

የማታ ነርስ፦ ለወረቀት! ሌሊቱን ለ30 ሰው ብቻዬን ነኝ። አርብ ማታ የአቲቫኑ (ሎራዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ) ትእዛዝ ቀኑ አልፎ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል። ተረኛው ሐኪም ስልክ እስኪያነሳ አዛውንቷ ይንቀጠቀጣሉ። ደንቡን ያወጣው ሰው አንድ ሌሊት አብሮኝ ይደር።

የታማሚ ልጅ፦ እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። እናቴ ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) አለባት፤ እንግሊዝኛው ጠፍቶ አማርኛው ብቻ ቀርቷታል። መዝገቧን አስወጥቼ ሳየው «ትጮኻለች፣ ተረብሻለች፣ ሎራዜፓም 0.5 ሚሊግራም ተሰጣት» ይላል። ሦስት ሌሊት፣ ያችው ቃል ሳትለወጥ። በአራተኛው አብሬያት አመሸሁ። «ሽንቴ መጣ» ነበር የምትለው።

የማታ ነርስ፦ እግዜር ያሳይሽ፣ ይሄ ያማል። ግን የጎደለው አስተርጓሚ ነው። 14 ቀን ምን አደረገ?

ፋርማሲስት፦ ቀኑ ሲሞላ ሰው መዝገቡን መግለጥ ግድ ይሆንበታል፣ ያ ነው ጥቅሙ። «ተረብሻለች» ምንም አይነግረኝም። ምን አደረጉ? ሽንት ቤት ተወሰዱ? ሕመም ተጠየቁ? መድኃኒቱን ከወሰዱ ከአንድ ሰዓት በኋላስ ተኙ ወይስ ሲነሱ ወደቁ? አንቲሳይኮቲክማ ዲሜንሺያ ላለባቸው አረጋውያን የሞት አደጋ እንደሚጨምር ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያስጠነቅቃል።

የማታ ነርስ፦ ታዲያ ሐኪሞቹ ምን ያደርጋሉ መሰለህ? ፒአርኤኑን ሰርዘው የየቀን ያደርጉታል። ያኔ የ14 ቀኑ ቆጠራ የለም። ሴትዮዋ ግን ድሮ በሳምንት ሁለቴ የሚወስዱትን አሁን ማታ ማታ ይውጣሉ።

ፋርማሲስት፦ እዚህ ላይ ረትተሽኛል። መጠኑን የመቀነስ ሙከራ በደንቡ አለ፣ ግን ወራት ይፈጃል። እኔ ገደቡ ይነሳ አልልም፤ ወደ የየቀን ሲዞርም ያው ጥያቄ ይጠየቅ።

የማታ ነርስ፦ እናትሽስ አሁን እንዴት ናቸው?

የታማሚ ልጅ፦ «ሽንት»፣ «ውሃ»፣ «አመመኝ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ ከነትርጉማቸው አልጋዋ ራስጌ ለጠፍኩ። ኬንያዊቷ ረዳት ነርስ አሁን «ሽንት?» ብላ ትጠይቃታለች። 14ኛው ቀን ሲደርስ መድኃኒቱ ይታደስ ያለ ሰው አልነበረም።

የማታ ነርስ፦ ወረቀቱን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። እኔ ጋ አንድ ትግርኛ ብቻ የሚናገሩ አባት አሉ።