የደቅ ደሴት የፎቶ ሥራ፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እንጻፈው

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንደምታውቁት ፎቶ አንሺያችን ጣና ላይ ሦስት ነገር አንድ ላይ መሥራት ትፈልጋለች። የደቅን የዕለት ኑሮ ማንሳት፣ የጎርፍና እምቦጭ የሚባለውን የውሃ አረም ጉዳት ለእርዳታ በሚጠቅም መንገድ መሰነድ፣ የአያቷን የዘር ሐረግ መፈለግ። ፕሮፖዛሉ የሚገባው በማኅበሩ ስም ነው። ስለዚህ የምታውቁትን ሁሉ እዚህ ጻፉ፤ እኔ እየሰበሰብኩ ረቂቁ ውስጥ አስገባለሁ።

ፎቶ አንሺዋ፦ እኔ ናርጋ ሥላሴ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሥዕሎቹን የመጣ ጎብኚ ሁሉ አንስቷቸዋል። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ኑሮ ነው የቀረው። ንጋት ላይ መረብ የሚፈታው ሰው። ዕቃዋን አስራ ጀልባ የምትጠብቀው እናት። ታንኳ ሲሠራ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንሳት እፈልጋለሁ። ደንገሉ፣ ያ የውሃ ዳር ተክል፣ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ከአገልግሎት በኋላ ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ወደ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ወራት ነው፤ ሌላ ይሠራል።

የደቅ ተወላጅ አባት፦ ልጄ፣ ታንኳ ካነሳሽ ነገደ ወይጦዎችን እንዳትዘያቸው። ከጥንት ጀምሮ ደንገል ሲያጭዱ፣ ታንኳ ሲያስሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ስንት ዘመን ተንቀው ኖረዋል። እሺ ካሉ ከፎቶው ሥር ስማቸው ይጻፍ። ሌላው፣ የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደሴት ላይ ሴት አይወጣም። ክብራን ገብርኤልም እንደዚያው። እዚያ የሚያነሳ ወንድ ከተፈለገ ከአሁኑ ይታሰብበት።

ፎቶ አንሺዋ፦ አባባ፣ ዳጋን ትቼዋለሁ። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አጽም ያረፈበት ቦታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከዚህ ጋር አይዳበልም። ወይጦዎችን በተመለከተ ግን ያሉት ልክ ነው፤ ረቂቁ ውስጥ ይግባልኝ።

እርዳታ ሥራ ላይ ያለ አባል፦ የአደጋውን ክፍል ልጨምር። በ1998 ክረምት ፎገራና ደንቢያ በጎርፍ ሲጥለቀለቁ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ለማንም አይረባም። የሚረባው ውሃው የት እንደደረሰ የሚያሳየው ነው። ግድግዳው ላይ የቀረው የጭቃ መስመር፣ አጠገቡ ሰው ቆሞ ቁመቱ እንዲታወቅ። ጎተራ ውስጥ የበሰበሰ እህል። የተበላሸ የውሃ ጉድጓድ። የሚያለቅስ ሰው ፊት ቶሎ ገንዘብ ያሰባስባል የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። ያንን ፎቶ ነገ ልጆቹ ያዩታል።

እምቦጩን ደግሞ አንዴ ሄዶ ማንሳት ዋጋ የለውም። ጣና ላይ መታየት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሕዝቡ ደጋግሞ የሚነቅለው ለዚህ ነው። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲጎትት የከረመበት ሥራ ነው። ስለዚህ ያው ቦታ፣ ከዚያው ቆሞ፣ መስከረም ላይ፣ ጥር ላይ፣ ግንቦት ላይ ይነሳ። አረሙ በብዛት የሚይዘው ደግሞ የሐይቁን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ደቅ ላይ ብቻ ከተቀመጣችሁ ዋናውን አታዩትም። ጎርጎራና የመገጭ ወንዝ መግቢያ ይጨመሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጎርጎራ ከተጨመረ በጀቱ ይለወጣል። ኮንትራት ጀልባ አንችለውም፣ ነዳጁ ብቻ ይጨርሰናል። የመንገደኛው ጀልባ የሚወጣበት ቀን ይጠየቅና ጉዞው በዚያ ይመሥረት። ረቂቁ ላይ ድሮን የሚለውንም አውጡት። ፈቃዱ ቀላል አይደለም፤ ሥራው ያለ እሱም ይሠራል።

የሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ) አባል፦ የእኔም አባት የጣና ዳር ሰው ናቸው። እዚህ ብዙዎቻችን ጋ የድሮ ፎቶ አለ። ስቱዲዮ የተነሱ፣ ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ስም የተጻፈባቸው። ስካን አድርገን እንላክ?

ፎቶ አንሺዋ፦ እባካችሁ! ጀርባውንም ስካን አድርጉት፤ ለእኔ ከፊቱ እኩል ነው። ደቅ ላይ ግን የማንንም ፎቶ ከቤቱ አላስወጣም። በሩ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አነጥፍና ባለቤቱ እያዩ ያለ ፍላሽ አነሳዋለሁ።

የደቅ ተወላጅ አባት፦ እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። እኛ ጋ ሰው ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ዘር መቁጠር ነውር የለውም። ግን ድሮ ርስት የሚጠየቀውም በዚያው ቆጠራ ነበር። በ1967 መሬት የመንግሥት ሆኗል፤ ልብ ግን አይረሳም። ከከተማ የመጣች ልጅ ካሜራ ይዛ «ቅድመ አያቴ የማን ልጅ ናት?» ስትል፣ መሬት ፈልጋ ነው የሚል አይጠፋም። ማኅበሩ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍ። የመሬት ጥያቄ እንደሌለን በግልጽ ይቀመጥበት። አንቺም ካሜራውን ከማውጣትሽ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ በይ።

አስተባባሪ፦ ይህን እንዲህ አስገብቼዋለሁ፦ «የቤተሰብ ታሪክ የሚሰበሰበው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ለመሬትም ሆነ ለውርስ ጥያቄ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም።» ይበቃል?

የደቅ ተወላጅ አባት፦ ይበቃል።

ፎቶ አንሺዋ፦ እኔ የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ። ለተነሳ ቤተሰብ ሁሉ አንድ አንድ የታጠበ ፎቶ ይደርሰው። ኤግዚቢሽኑም መጀመሪያ ደቅ ላይ ይታይ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ መጨረሻ ይሁን። የአያቴን መንደር ሰዎች ፎቷቸውን ሳላሳያቸው አዲስ አበባ ላይ መስቀል አልችልም።

ገንዘብ ያዥ፦ ተስማምቻለሁ። ለማሳጠቢያው የሚበቃ ከድሮኑ የተረፈ አለ። ላሚኔት ይደረጉ፤ የሐይቅ ዳር እርጥበት ወረቀት ያበላሻል።

አስተባባሪ፦ እንግዲያው በጀቱን ገንዘብ ያዣችን ያስተካክሉ። የቀንና የቦታ መመዝገቢያ ቅጹን የእርዳታው ወንድማችን ያዘጋጅ። ስካኖቹን ከሲልቨር ስፕሪንግ እንጠብቃለን። አባባ፣ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ያዩልን።

የደቅ ተወላጅ አባት፦ አያለሁ። ለደብሩ አስተዳዳሪ ለብቻው፣ ለቀበሌው ለብቻው ይጻፍ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት እንዳታዳብሏቸው።