ክርክር፦ የሠራተኛ ደህንነት በጀት ለፕሮግራም ይዋል ወይስ ለቅጥር?

አወያይ፦
የዛሬውን ጥያቄ ያመጣችው አንዲት የቡድናችን አባል ናት። ሰሞኑን በመሥሪያ ቤቷ ሁለት ገጽ ሰርኩላር ወጣ። አንደኛው ገጽ የሠራተኛ ደህንነት ፕሮግራም መጀመሩን ያበስራል። የጭንቀት አያያዝ ስልጠና አለ፣ የአተነፋፈስ ልምምድ የሚያስተምር የስልክ አፕ አለ፣ በሳምንት አንድ ቀን ስፖርት፣ በዓመት አንዴ ደግሞ የጤና መጠይቅ። ሁለተኛው ገጽ በለቀቁ ሁለት ሠራተኞች ምትክ ቅጥር እንደማይፈጸም ይናገራል። ለሠራተኛ ደህንነት ተብሎ የተያዘ ገንዘብ እንዲህ ላለ ፕሮግራም ይዋል ወይስ ሥራውን ራሱን ለማቃለል? ስድብ ብቻ አይኑር።

የሌሊት ተረኛ፦
ሰርኩላሩ የኛ ነው። ነርስ ነኝ። የለቀቁት ሁለቱም ከኔ ክፍል ናቸው። አምስት ሆነን የምንሸፍነውን አሁን ሦስት ሆነን እንሸፍናለን። የመጀመሪያው ስልጠና የተሰጠው ከሌሊት ፈረቃ በወጣሁበት ጠዋት ነበር። ከርዕሶቹ አንዱ እንቅልፍ ነው። አሰልጣኟ ጎበዝ ናት፤ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። ግን እኔ ስለ እንቅልፍ ያጣሁት ዕውቀት የለም። ያጣሁት እንቅልፉን ነው። ችግሩ ያለው የተራ ሰሌዳው ላይ ነው። መፍትሔውን እኔ ሳንባ ውስጥ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦
እህቴ፣ የምትይው ይገባኛል። ግን እኔ በዚህ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ የማየውን ልናገር። የስልጠና ገንዘብ አንዴ ወጥቶ ያልቃል። ቅጥር ግን የየወሩ ደመወዝ ነው፣ ጡረታ ነው፣ የዓመት ፈቃድ ነው። አመራሩ የመጀመሪያውን ይፈርማል፣ ሁለተኛውን ያሳድራል። ፕሮግራሙን እምቢ ብንል ገንዘቡ ወደ ቅጥር አይዞርም። ተመላሽ ነው የሚሆነው።

ደግሞም ፕሮግራሙ ሰው ያድናል። በኛ መሥሪያ ቤት የምክር አገልግሎት ባይኖረን ኖሮ አንድ የመጠጥ ችግር የነበረበት ባልደረባችን ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ይሰናበት ነበር። ዛሬ ሥራው ላይ ነው። የምክር አገልግሎት የተጀመረውም እኮ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚጠጡ ሠራተኞችን ከማባረር ማሳከም ይሻላል ተብሎ። ወጪውን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ነበር። ለፕሮግራም በወጣ በእያንዳንዱ ዶላር የሕክምና ወጪ በ3.27 ዶላር ገደማ እንደሚቀንስ አስልተዋል።

ቁጥር ወዳድ፦
3.27 ሁሌ ይጠቀሳል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን አይነገርም። ያንን ከጻፉት አንዷ ካትሪን ቤይከር ናት። ያው እሷ ከተመራማሪው ዚሩይ ሶንግ ጋር ሆና በ2019 ሌላ ጥናት አወጣች። በአንድ ትልቅ የአሜሪካ መደብር ድርጅት 160 ቅርንጫፎች፣ ወደ 33,000 ሠራተኞች ላይ ነው። በዕጣ የተመረጡት 20 ቅርንጫፎች ፕሮግራሙን አገኙ፣ ሌሎቹ አላገኙም። ከ18 ወር በኋላ ፕሮግራሙ ያላቸው «ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንቆጣጠራለን» ብለው በብዛት መለሱ። የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ የሕክምና ወጪ፣ ከሥራ መቅረት ሲለካ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ለምን የቀድሞዎቹ ጥናቶች ሌላ አሉ? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ ቁልፍ ይሄ ነው። በአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወደ 5,000 በሚጠጉ ሠራተኞች ላይ ተመሳሳይ የዕጣ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በፈቃዳቸው የተመዘገቡት ከመጀመሪያውም ጤናማ የነበሩት፣ የሕክምና ወጪያቸውም ያነሰው ሆነው ተገኙ። ማለትም ፕሮግራሙ ሰውን ጤነኛ አላደረገም፤ ጤነኛው ነው ወደ ፕሮግራሙ የመጣው። ተሳታፊን ከማይሳተፍ ጋር ዝም ብለህ ብታወዳድር ፕሮግራሙ ተአምር ይመስላል። በዕጣ ስትከፍለው ተአምሩ ይጠፋል።

ሌላም አለ። በ2024 የታተመ የኦክስፎርድ ጥናት በብሪታንያ በ233 ድርጅቶች ያሉ 46,336 ሠራተኞችን ተመልክቷል። አፕ፣ የጭንቀት ስልጠና፣ የጥሞና ትምህርት የወሰዱት ካልወሰዱት ተሽለው አልተገኙም። ከሌሎቹ ተለይቶ ጥሩ ምልክት ያሳየው የበጎ ፈቃድ ሥራ ነበር።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦
የኦክስፎርዱ በዕጣ የተሠራ አይደለም። አንተው በነገርከን መለኪያ ከሄድን እሱንም በጥንቃቄ ነው ማየት ያለብን። ምናልባት ጫና የበዛበት ሰው ይሆናል ወደ አፑ የሄደው። ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው የሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ሥራውን ማስተካከልን ይመክራል፣ አለቆችን ማሰልጠንን ይመክራል፣ ለግለሰቡ የሚሰጠውንም ድጋፍ አይጥልም። «ወይ ይሄ ወይ ያ» ያልነው እኛ ነን።

ቁጥር ወዳድ፦
የኦክስፎርዱ ላይ ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። በመመሪያው ላይ ግን አንድ ነገር። ሦስቱም አንድ ላይ ነው የተመከሩት። ሰርኩላሩ አንዱን ወስዶ ሁለቱን ትቷል።

ጡረታ የወጣሁ፦
ልጆቼ፣ እኔ በፐርሶኔል ሹምነት ነው ያረጀሁት። ያኔ ለሠራተኛ ደህንነት «ዌልነስ» የሚባል ቃል አልነበረም። የሥራ ሰዓት የሚባል ነገር ግን ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ሲቋቋም የመጀመሪያው ስምምነቱ ምን ነበር? በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚል ነው። የጤና ነገር ከሰዓት እንደሚጀምር ሰዎቹ ገብቷቸው ነበር። በ2021 ይኸው ድርጅት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ያወጣውን አንብቤያለሁ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመጠቃት አደጋው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው በ17 በመቶ ይበልጣል ይላል። የኔ ልጅ፣ አንቺ በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ?

የሌሊት ተረኛ፦
አባቴ፣ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ከ60 በታች ወርጄ አላውቅም።

ፕሮግራመሩ፦
ስለ ጤና መጠይቁ ማንም አላነሳም። መልሱ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? «ስም አይጻፍም» ይባል ይሆናል፤ ሦስት ሰው ባለበት ክፍል ዕድሜና ጾታ ከተሞላ ስም አያስፈልግም። «በፈቃድ ነው» የሚባለውም ገደብ አለው። አሜሪካ ውስጥ መጠይቅ ለሚሞላ ሠራተኛ ከኢንሹራንስ ወጪው እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ማበረታቻ ይፈቀድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን ያህል ገንዘብ ቀርቦለት የሚሞላ ሰው በእርግጥ በፈቃዱ ነው ለመባሉ በቂ ምክንያት አልቀረበም አለ። ጥያቄው እኛንም ይመለከታል።

አዲስ ተቀጣሪ፦
እኔ ከሁለቱም የሙያ ስልጠና ቢሰጠኝ እመርጣለሁ። ስፖርቱን ራሴ እሠራለሁ። የሙያ ስልጠና ግን ደረጃ ያሳድገኛል፤ የማይሆን ቦታ ላይ ከሆንኩም መውጫ በር ይከፍትልኛል። ችግሩ ስልጠና ስንጠይቅ «ሰልጥናችሁ ትሄዳላችሁ» ይሉናል። ወይ የግዴታ ውል ያስፈርሙናል።

የፈረቃ አለቃ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ በፋብሪካ 24 ሰው አስተዳድራለሁ። በጀት የለኝም፣ መቅጠርም አልችልም። ያለኝ የተራ ሰሌዳ ብቻ ነው። በፊት ቅዳሜ ማታ አወጣውና ሰኞ ይጀምር ነበር። ማንም ሰው ልጁን ሐኪም ቤት መቼ እንደሚወስድ ማቀድ አይችልም ነበር። አሁን ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጠፋል። ሁለት ሰዎች ከተስማሙ ፈረቃ ይቀያየራሉ፤ እኔን ማሳወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። የሕመም ፈቃድ የሚጠይቀኝ ሰው ቀነሰ። ውሸታሞች ስለነበሩ አይመስለኝም። ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው።

በብሪታንያ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ለዓመታት በተካሄደው የኋይትሆል ጥናትም በሥራው ላይ የመወሰን ዕድል የሌለው ሠራተኛ ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ጫናው ብቻ አይደለም ሰው የሚጎዳው። ጫናው መቼና እንዴት እንደሚመጣብህ ምንም ማለት አለመቻልህም ነው። ስለዚህ የሰው ሀብት ወንድሜን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የስልጠናው ገንዘብ ወደ ቅጥር ካልዞረ፣ ቢያንስ ለኛ ለቅርብ አለቆች ስልጠና ይዋል። አለቃ የሆንኩት ጎበዝ የማሽን ሠራተኛ ስለነበርኩ ነው። ሰው እንዴት እንደሚመራ ያስተማረኝ የለም። ከኔ በታች ያሉት ሰዎች ናቸው ዋጋውን የከፈሉት።

የሰው ሀብት ባለሙያ፦
ይሄኛው ይፈረማል። የስልጠና በጀት ነው፣ ማንም አይከለክለኝም። በሚቀጥለው ዕቅዴ ላይ አስገባዋለሁ።

ነርሷን ግን ባዶ እጄን አልመልሳትም። እህቴ፣ አመራር ፊት «ደክሞናል» ብትይ ያዝኑልሻል፤ ከዚያ ወደ ሌላ አጀንዳ ያልፋሉ። በሁለት ሰው ጉድለት ምክንያት የተከፈለውን የትርፍ ሰዓት ደምሪ። የሕመም ፈቃዱን ቀን ጨምሪበት። ሦስተኛ ሰው ቢለቅ ማስታወቂያው፣ ፈተናው፣ አዲሱ ሰው ሥራ እስኪለምድ የሚፈጀው ጊዜ አለ። ከሁለት ደመወዝ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪው። በኛ ቤት አንድ ቅጥር ያስፈቀድኩት በዚህ መንገድ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
የትርፍ ሰዓት መዝገቡ እኛ ክፍል ነው ያለው። ዛሬ ማታ ተራ ነኝ። በሽተኞቹ ከተኙልኝ ያለፉትን ሦስት ወራት እደምረዋለሁ። ድምሩን ነገ እዚሁ አመጣዋለሁ፤ ከማቅረቤ በፊት ቁጥር ወዳድ ይይልኝ።