የቴክሰል በግ ጂን ጤነኛ ከሆነ ያ ሁሉ ጡንቻ ከየት መጣ?

ሴሚናር_ያስጨነቃት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር የደረሰኝ ርዕስ ማዮስታቲን ነው፤ የጡንቻን እድገት የሚገታው ፕሮቲን። የቤልጂየም ብሉ ከብት ገብቶኛል። ከጂኑ የዲኤንኤ ጽሑፍ 11 ፊደላት ጠፍተዋል፣ ፕሮቲኑ ተበላሽቷል፣ የሚገታው ስለሌለ ጡንቻው ያብጣል። የቸገረኝ የኔዘርላንዱ ቴክሰል በግ ነው። እሱም ዳሌው የሞላ፣ ሥጋው የበዛ ነው። ግን ፕሮቲኑን የሚያዘው የጂኑ ክፍል ምንም ጉድለት የለበትም ይላሉ። ከዚያ «ምክንያቱ ማይክሮ አርኤንኤ ነው» ብለው ያልፉታል። ጂኑ ደህና ከሆነ በጉ እንዴት እንዲህ ይሆናል? በቀላሉ የሚያስረዳኝ ካለ እባካችሁ።

በግ_አርቢው፦
እህቴ፣ እኔ የምሠራው በበግ እርባታ ላይ ነው። ስለ በግ ከተገኙት ነገሮች ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም፤ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ጂኑ መጀመሪያ ወደ መልእክተኛ አርኤንኤ ይገለበጣል፤ ይህ የጂኑን ትእዛዝ የሚይዝ ቅጂ ነው። ይህ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ ፕሮቲን አይሆንም። ፕሮቲን የሚያዘው ክፍል ካለቀ በኋላ ጭራ አለው። ብዙ ሰው ጭራውን ዘሎት ያልፋል። የቴክሰል ነገር ያለው እዚያ ነው።

ማይክሮ አርኤንኤ በጣም አጭር ነው፤ ወደ 22 ፊደል ገደማ። ራሱ ፕሮቲን አይሠራም። አርጎኖት ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆኖ የመልእክቶችን ጭራ ይፈትሻል። ከፊደሎቹ በተለይ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ያሉት ከጭራው ጋር ከገጠሙ እዚያ ይጣበቃል። ያ መልእክት ከዚያ በኋላ ብዙ ፕሮቲን አያወጣም፣ ዕድሜውም ያጥራል።

አሁን ወደ በጉ። በቤልጂየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲው ሚሼል ዦርዥና ባልደረቦቹ ቴክሰልን ሮማኖቭ ከሚባል በግ ጋር አዳቅለው የልጅ ልጆቹን መረመሩ። ፍለጋው ወደ 2ኛው ክሮሞዞም፣ ከዚያም ወደ ማዮስታቲን መራቸው። በ2006 ያወጡት ውጤት ይህ ነው፦ በጭራው ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። ጂ የነበረው ኤ ሆኗል። በዚህች ብቻ ሚር-1 እና ሚር-206 የሚባሉ ማይክሮ አርኤንኤዎች የሚጣበቁበት ቦታ ተፈጠረ። ሁለቱ ደግሞ ጡንቻ ውስጥ ሞልተዋል! ስለዚህ የሚሠራው ማዮስታቲን ራሱ ጤነኛ ነው፤ መጠኑ ግን ያንሳል።

ለሴሚናርሽ የሚጠቅምሽ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ቤልጂየም ብሉ የሚሠራ ማዮስታቲን ጭራሽ የለውም፤ ላሞቹም በአብዛኛው የሚወልዱት በቀዶ ጥገና ነው። ቴክሰል ግን ያለው ቀነሰበት እንጂ አልጠፋበትም።

ሴሚናር_ያስጨነቃት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ግን ይሄኛው በአጋጣሚ የመጣ ነው አይደል? ሚር-1 ማዮስታቲንን እንዲነካ የተሠራ አይደለም። የማይክሮ አርኤንኤዎች መደበኛ ሥራስ ምንድን ነው?

በግ_አርቢው፦
ልክ ነሽ፣ እዚህ አጋጣሚ ነው። መደበኛ ሥራቸውን ለማየት ወደ መጀመሪያው ግኝት መሄድ አለብሽ። ሲ ኤሌጋንስ የምትባል 1 ሚሊሜትር የምታህል ትል አለች። ሊን-4 የሚባለው ጂን ከተበላሸባት የመጀመሪያውን የእጭነት ደረጃ ሥራ ትደጋግማለች። ሰውነቷ ያድጋል፣ እንቁላል መጣያዋ ግን አይሠራም፤ እንቁላሎቹ ሆዷ ውስጥ ይፈለፈላሉ። በ1993 ተመራማሪው ቪክተር አምብሮስ ሊን-4 ፕሮቲን እንደሌለው፣ የሚያወጣው አጭር አርኤንኤ ብቻ እንደሆነ አሳየ። ሌላው ተመራማሪ ጋሪ ረቭከን ደግሞ ሊን-14 የሚባለው ጂን በመልእክቱ ጭራ ላይ ለዚያ አርኤንኤ የሚገጥሙ ቦታዎች እንዳሉት አሳየ። ሊን-14 መጀመሪያ ላይ ያስፈልጋል፤ ከዚያ መውረድ አለበት። የሚያወርደው ሊን-4 ነው። ካልወረደ ትሏ የመጀመሪያውን ደረጃ ሥራ መደጋገሟን ትቀጥላለች።

ለዓመታት «የትል ጉዳይ ነው» ተብሎ ተተወ። በ2000 ግን ሌት-7 የሚባለው ሁለተኛው ማይክሮ አርኤንኤ ሰውን ጨምሮ በብዙ እንስሳት ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች ኖቤል ያገኙት በ2024 ነው። በእኔ እምነት ዘግይቷል።

የጽንስ_ነገር፦
የሆክስ ጂኖችም ይጨመሩ እንጂ! ከራስ እስከ ጭራ የትኛው የሰውነት ክፍል የት እንደሚሆን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሚር-196 የሚባለው ማይክሮ አርኤንኤ የሚገኘው እዚያው በሆክስ ጂኖች መሃል ነው። የሆክስቢ8ን መልእክት ጭራ የሚገጥመው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ስለሆነ ይቆርጠዋል፤ ይህ በ2004 ታይቷል። ሚር-196 የተወገደባቸው አይጦች ከዳሌ በላይ ያለው የአከርካሪ አጥንታቸው ቁጥር ጨምሯል።

ሴሚናር_ያስጨነቃት፦
የአጥንት ቁጥር?! ይሄንንም አስገባዋለሁ።

በግ_አርቢው፦
አስገቢው፣ ግን በመጨረሻ። መጀመሪያ ከብቱንና በጉን ጎን ለጎን አሳዪያቸው፤ የጭራዋን አንድ ፊደል በትልቁ ጻፊ። ከዚያ ትሏን አምጪ። ሚር-1 እና ሚር-206 ጡንቻ ውስጥ በብዛት መኖራቸውን ሳትናገሪ እንዳታልፊ፤ እሱ ከቀረ ጥያቄ ይበዛብሻል።