በተር ክሬሙ መሃል ላይ ይፈስብኛል፣ ምን ላድርግ?

የማታ ጋጋሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኬክ ማስጌጥ ሙያዬ አይደለም፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኩሽና ገብቼ የምዝናናበት ነገር ነው። ኬኩ ራሱ አያስቸግረኝም፤ በደንብ ይነፋል፣ አይደርቅም። ጣጣው ያለው ላዩ ላይ ነው። በተር ክሬሙን (ቅቤና ዱቄት ስኳር ተመትቶ የሚሠራውን የኬክ መቀቢያ) ስመታው ያምራል። በከረጢት ሞልቼ በኖዝል (ጫፉ ላይ በሚገባው ቅርጽ ማውጫ) አበባ ማውጣት ስጀምር ግን የመጀመሪያዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ወደ መሃል ስሄድ ጫፋቸው ይላላል፣ መጨረሻ ላይ ከከረጢቱ የሚወጣው ሾርባ ነው ማለት ይቻላል። ዱቄት ስኳር ስጨምርበት ይጠነክራል፣ ግን ጣፋጭነቱ ጥርስ ያማል።

ትንሿ ልጄ ለልደቷ ቀይ ዳይኖሰር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። የኔ ቀይ ደግሞ ሁልጊዜ ሮዝ ሆኖ ነው የሚቀረው። ሁሉንም ትቼ በፎንዳንት (እንደ ሊጥ በሚዳመጠው ስኳር) ልሸፍነው እንዴ? ስሟንም ከሚያብረቀርቅ ወረቀት ቆርጬ ልሰካበት፣ ከላይም ወርቃማ ግሊተር (ብልጭልጭ ዱቄት) ነስነስ ላደርግበት አስቤያለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ በናታችሁ።

የሁለት ልጆች አባት፦

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። የመጀመሪያዎቹ አበቦች ቆመው የኋለኞቹ የሚፈሱት በስኳር ማነስ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም አይቆሙም ነበር። የእጅሽ ሙቀት ነው። የገበታ ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ መዳፍሽም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ከረጢቱን ጨብጠሽ በቆየሽ ቁጥር ክሬሙን እያሞቅሽው ነው።

ከረጢቱን እስከ አፉ አትሙዪው። ሁለት አዘጋጂና ግማሽ ግማሽ አድርገሽ ሙያቸው፣ አንዱን ስትሠሪበት ሌላው ፍሪጅ ይቆይ፣ ለስለስ ሲልብሽ ቀይሪ። ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ የቀረው ከላላ ደግሞ አትጣዪው፤ ከነሳህኑ ለ10 ደቂቃ ያህል አቀዝቅዘሽ እንደገና ምቺው፣ ይመለሳል።

ቅቤውንም ገና ስትጀምሪ እዪው። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለሽ በጣትሽ ተጫኚው፤ ጎድጎድ ማለት አለበት እንጂ ጣትሽ ሰምጦ መግባት የለበትም። ላዩ ማብረቅረቅ ከጀመረ አልፎበታል። ልኩ በሚዛን ለአንድ እጅ ቅቤ ሁለት እጅ ዱቄት ስኳር ነው፣ ከዚያ በላይ አትሂጂ። አንድ ቁንጥጫ ጨው ጣፋጭነቱን ይሰብርልሻል። ኬኩን መጀመሪያ ስስ አድርገሽ ቀቢና ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ አስገቢው፣ ፍርፋሪው እዚያው ተይዞ ይቀራል፣ ሁለተኛው ቅብ ንጹሕ ይወጣል።

ዱቄት በዱቄት፦

ግማሹን ቅቤ በአትክልት ቅቤ ለውጪው። ሙቀት ይችላል፣ ነጭም ስለሆነ ቀለም ይቀበላል። አለቀ።

የሁለት ልጆች አባት፦

ይቆማል፣ እሱ እውነት ነው። ጣዕሙ ግን ላንቃ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ለፎቶ ከሆነ እሺ፣ ልጆች እንዲበሉት ከሆነ እኔ አልመክርም።

ቀለም አፍቃሪ፦

ስለ ቀዩ እኔ ልናገር፣ ብዙ ያሰቃየኝ ቀለም ነው። ፈሳሹን ቀለም ተዪው፤ ቀይ እስኪሆን ድረስ ስታፈሺ ክሬሙ ይቀጥናል። ወፈር ያለውን ጄል ቀለም ያዢ። በተር ክሬም ላይ ቀለም እያደረ ይደምቃል፣ ስለዚህ ከዋዜማው በጥብጪውና ጠቆር ካለ ሮዝ ላይ ስትደርሺ አቁሚ፣ ጠዋት ሌላ ነገር ሆኖ ታገኚዋለሽ። ትንሽ ካካዎ ቀድመሽ ብታስገቢበት ደግሞ ቀለሙ ቶሎ ይጠልቃል፣ ጄሉም ያንስልሻል። ቀይ ሲበዛ ይመራል፣ ልጅ ደግሞ ምሬት አያልፈውም። (አረንጓዴ ዳይኖሰር ብትወድ ኖሮ ይሄ ሁሉ መከራ የለም ነበር፣ ግን ማን ይነግራታል!)

ኬኩን በሙሉ በፎንዳንት መሸፈን አልወድም፤ ልጆቹ ልጠው ሳህኑ ዳር ያስቀምጡታል። ዳይኖሰሩን ብቻ በፎንዳንት ሥሪው። ሲኤምሲ የሚባለው የፎንዳንት ማጠንከሪያ ዱቄት ትንሽ ከተለወሰበት ቶሎ ይደርቃል፣ ቅርጹንም ይይዛል። አንገቱን ቀጥ ለማድረግ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት እንዳትከቺበት አደራ፣ የሚነክስ ልጅ አይጠፋም። ደረቅ ስፓጌቲ ሰብረሽ ተጠቀሚ።

ጥንቁቋ፦

ሁላችሁም ግሊተሩን ዘለላችሁት! ዕቃው ላይ «መርዛማ አይደለም» ማለትና «የሚበላ ነው» ማለት አንድ አይደለም። በ2018 አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ልደት ላይ 6 ልጆች ኬክ በልተው አስታወካቸው፣ አስቀመጣቸው። ሲመረመር ክሬሙ ላይ የተነሰነሰው የሚያብረቀርቅ ዱቄት መዳብ ነበረበት። የተጻፈበትም «መርዛማ አይደለም» የሚል ነበር። ስለዚህ የሚበላ መሆኑ በግልጽ ካልተጻፈበት፣ የተሠራባቸው ነገሮችም ካልተዘረዘሩበት፣ ኬክ ላይ አይውጣ።

የስሙ ወረቀትም ያው ነው። የዕደ ጥበብ ወረቀት ብልጭልጩን ያራግፋል። ከጀርባው ወፈር ያለ ተራ ወረቀት ለጥፊበት፣ ስትቆርጪውም ኬኩ አጠገብ አይሁን። ከኬኩ ከፍ ብሎ እንዲቆም ረዘም ያለ እንጨት ላይ አጣብቂው፤ ኬኩ ውስጥ መጀመሪያ የመጠጫ ስትሮ ስኪ፣ እንጨቱ እሱ ውስጥ ይግባ። ሙጫውም እንጨቱም ክሬም አይነካም።

የማታ ጋጋሪ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ግሊተሩ ቀርቷል። ወረቀቱን በስትሮው እሠራዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ዳይኖሰሩን ከመቼ ጀምሬ ልሥራው? ሠርቼስ ፍሪጅ ላስቀምጠው?

ቀለም አፍቃሪ፦

ፍሪጅ በፍጹም! ስታወጪው ያልበዋል፣ ቀለሙም ይዝረከረካል። ከሦስት አራት ቀን በፊት ሥሪውና ክፍት ካርቶን ውስጥ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይድረቅ፤ ብርሃን ቀዩን ያደበዝዘዋል። ኬኩ ላይ የሚወጣው እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ነው። እስከዚያ ልጅቷ እንዳታየው ደብቂው፣ ጭራው ሳይበላ አይደርስም።