አሜሪካ ለታይዋን መሳሪያ መሸጧ ልክ ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ወገን፣ ትናንት ፒያሳ ቡና እየጠጣን ተከራከርንበት፣ ቻይናን የመሰለ ጎረቤት ላላት ለታይዋን መሳሪያ መሸጥ ጦርነቱን ያቀርበዋል ወይስ ያርቀዋል?

ቦርከና፦ ያርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የአሜሪካ ህግ ራሱ መከላከያ መሳሪያ ይቅረብላት ይላል፣ በ2019 ደግሞ 66 ኤፍ 16 ጄት ፈቅደውላት ነበር፣ ዋናው ግን በጊዜው መድረሱ ነው

ሸዋ በር፦ እኛ ደሴዎችማ ይሄ ሊጠፋን አይገባም! በእኛ አቆጣጠር በ1928 ጣሊያን ከተማችንን ከአየር ሲደበድብ ሆስፒታል እንኳን አልቀረለትም፣ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ግን ቀድመው ለሁለቱም ወገን መሳሪያ አንሸጥም ብለው ነበር፣ ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ አለው፣ እኛስ? አያቴ የአውሮፕላን ድምፅ በሰሙ ቁጥር እስከ እርጅናቸው ድረስ ደንግጠው ወደ ቤት ይገቡ ነበር

የጦሳ ልጅ፦ በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ