የልጆች ቀለብ እንዲሻሻልልኝ የት ነው የማመለክተው?

ሰላም ወገኖች፣ ህግ የምታውቁ ወይ በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ መንገዱን አሳዩኝ። ከባለቤቴ ጋር ተፋተናል፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉን፣ ከናታቸው ጋር ጀሞ ነው የሚኖሩት፣ እኔ የአዲስ አበባን ኪራይ ስላልቻልኩት ሰበታ ወጥቼ አንድ ክፍል ቤት ይዣለሁ። ቀለቡን የወሰነው አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፣ በወር 6,000 ብር፣ ያኔ ፋብሪካ ውስጥ ቋሚ ስለነበርኩ ከደሞዜ እየተቆረጠ በቀጥታ ይገባላት ነበር። ከዛ ድርጅቱ ሰራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። አሁን የሰው ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ለባለንብረቱ የቀኑን ገቢ አስገብቼ ቤንዚን ቀድቼ የሚተርፈኝ ትንሽ ነው፣ ቤንዚን የጠፋ ቀን ደግሞ ሰልፍ ላይ ይመሻል። እንደዛም ሆኖ በየወሩ 3,000 ብር በቴሌብር እልካለሁ፣ ልጆቼ ናቸው፣ ሌላው ሁሉ ይቅር እነሱ እንዳይጎድልባቸው ነው የምፈልገው።

ሽማግሌ ልኬ ነበር፣ እሷ ግን የቀረውን ውዝፍ እንድከፍል የአፈፃፀም ፋይል ከፈተች፣ የትምህርት ቤት ክፍያው እሷንም እንዳስጨነቃት አውቃለሁ አልፈርድባትም። የቤተሰብ ህጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ቀለብ የተቀባዩን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም አይቶ ነው የሚወሰነው ስለሚል ይሻሻልልኝ ማለት እንደምችል ገብቶኛል። የስንብት ደብዳቤዬና የቴሌብር ደረሰኞቹ በእጄ ናቸው። ግን አንዱ አዲስ አበባ ሂድ ይለኛል፣ ሌላው ሰበታ አሁን ሸገር ከተማ ስር ስለሆነ ኦሮሚያ ነው የሚታይልህ ይለኛል። የማሻሻያ አቤቱታውን የማስገባው መጀመሪያ ለወሰነው ፍርድ ቤት ነው ወይስ አሁን ለምኖርበት?