ሃሎፔሪዶል ተወግቶ አንገቱ የዞረ ወጣት፤ ቤተሰቡ ጸበል ወስዶታል። ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ?

የጤና ጣቢያ ነርስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ገጠር ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ አእምሮ ሕክምና የማውቀው በአጭሯ የኤምኤችጋፕ (የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ላልሆነ ባለሙያ የተዘጋጀ የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም) ሥልጠና ያገኘሁትን ብቻ ነው። የሳይካትሪ ነርስ የለንም።

ባለፈው ሳምንት በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ልጅ እጁን ታስሮ መጣ። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፣ «ሊገድሉኝ ነው» ይላል፣ ብቻውን ያወራል። ተረኛው ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊ ግራም ጡንቻው ላይ ወጋው፣ ማታም ደገመለት። ልጁ ተኛ። ቤተሰቡ እፎይ አለ፣ ክኒን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ግን አንገቱ ወደ አንድ ጎን ዞረ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ምላሱ ወጣ። አባትየው «ድሮም መርፌ የማይወድ በሽታ ነው ብያለሁ» ብለው ጸበል ወሰዱት።

ዛሬ እናትየው ብቻቸውን መጥተው «ልጄን ምን ወጋችሁት?» አሉኝ። አንገቱ ተመልሷል፤ ክኒኑን ግን ጥለውታል። ይህ ነገር ዳግም ቢመጣ ምን እናድርግ? በእጃችን ያለው ፕሮሜታዚንና ዳያዜፓም ነው። ጸበል ላይ እያለስ መድኃኒቱ እንዴት ይቀጥል? በየወሩ የሚወጋውን ሞዴኬት ብናስጀምረውስ?

የማታ ተረኛ

እህቴ፣ ያየሽው አኪዩት ዲስቶኒያ፣ ማለትም ከመድኃኒቱ የመጣ ድንገተኛ የጡንቻ መኮማተር ነው። በሽታው አልባሰበትም፣ የተቆጣ መንፈስም የለም። ሃሎፔሪዶል አንጎል ውስጥ የዶፓሚንን ሥራ ያግዳል። ቅዠቱንና ጥርጣሬውን የሚያበርደው በዚሁ ነው። ግን እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍልም ስለሚነካ ጡንቻው ሳይታዘዝ ይኮማተራል። በብዛት የሚይዘው ወጣት ወንዶችን፣ መድኃኒቱን ገና የጀመሩትን፣ በመርፌ የወሰዱትን ነው። ያንቺው ልጅ ሁሉንም ያሟላል። የሚመጣውም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው።

ፕሮሜታዚን ካላችሁ ምን ቸገራችሁ? ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም፣ ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ አድርገሽ ውጊ። ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሲፈታ ታያለሽ። እሱ ባይኖር ዳያዜፓም በደም ሥር፣ ቀስ ተብሎ፣ ዓይን ከትንፋሹ ሳይነቀል። ከዚያ መርፌው ሲያልቅ ተመልሶ እንዳይዞር አርቴን፣ ማለትም ትራይሄክሲፌኒዲል፣ 2 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለጥቂት ቀናት ይወስዳል። ሃሎፔሪዶሉን መቀነስ ወይም መቀየሩን ከጤና መኮንኑ ጋር ተነጋገሩበት።

ድምፁ ከታፈነ፣ ሲተነፍስ ጉሮሮው ከጮኸ ወይም መዋጥ ካቃተው ግን ነገሩ ማንቁርቱ ላይ ደርሷል። ያኔ መርፌ፣ ኦክስጅን፣ አምቡላንስ። ቻርቱ በኋላ ይሞላል።

ተመላላሽ ክፍል

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ አንዱ መንጋጋ ቆልፍ ነው አለ፣ ሌላው የሚጥል በሽታ ነው አለ። በስሙ ስንጠራው ዓይኑ ጣሪያ ላይ እንደተተከለ «አቤት!» አለን። ራሱን ቢስት ኖሮ መች ይመልስ ነበር? ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን መድኃኒት ወሰደ?» ብዬ ነው። የሳይካትሪ መድኃኒት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማስመለስን ለማቆም የምንሰጠው ፕላሲልም ወጣቶችን እንዲሁ ያደርጋል።

የወንድሜ አስታማሚ

ባለሙያ አይደለሁም፣ ቤተሰብ ነኝ። ወንድሜ የዛሬ ስንት ዓመት እንዲሁ ሆኖ ነበር። መርፌ ሽባ ያደረገው ነው የመሰለን። እናቴ ደረቷን እየደቃች ጎረቤት ሁሉ ሰበሰበች። በኋላ ሌላ ሆስፒታል አንድ ነርስ «ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ይፈታል» ሲለን ተናደድኩ። ያን ቃል ቀድሞ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ኖሮ አንድ ዓመት ሙሉ ከመድኃኒት ባልሸሸን። ስለዚህ እናትየውን አደራ፤ ቁጣቸው ፍርሃት ነው። «አንገቱ ሊዞር ይችላል፣ ከዞረ ሌሊትም ቢሆን አምጡት፣ መፍቻ አለን» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ነርስ ከሜሪላንድ

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። እኔ በምሠራበት ሃልዶል (ያው ሃሎፔሪዶል) በመርፌ ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ አንገት እንዳይዞር ኮጀንቲን ወይም ቤናድሪል የሚባል መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። እናንተ ጋ ፕሮሜታዚን ያንን ቦታ ይሸፍናል። በጣም ለተረበሸ ሰው ሁለቱን አብሮ መስጠት ሃሎፔሪዶልን ብቻውን ከመስጠት ይሻላል፤ ቶሎ ያረጋጋል፣ አንገትም እንዳይዞር ያደርጋል። ግን እንቅልፉ ይከብዳልና ትንፋሹን፣ የደም ግፊቱንና ትኩሳቱን እየለካችሁ ጠብቁት። ተኝቷል ብሎ በር ዘግቶ መሄድ አይሠራም።

አርቴንን ደግሞ ለሁሉም እንደ ቫይታሚን አትበትኑ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ለመከላከያ ተብሎ በዘልማድ እንዳይሰጥ ነው የሚለው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሽማግሌዎችን ያደናግራል። ስሜቱን ወደውት «አርቴን ስጡኝ» እያሉ የሚመላለሱም አሉ።

ያገሬ ሰው

ጸበል ቦታ መድኃኒት አያስውጡም። ለወረዳው አሳውቂና በፖሊስ ይምጣ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ጡረተኛዋ

ልጄ፣ በፖሊስ የመጣ ታካሚ በፖሊስ ካልሆነ ለቀጠሮ አይመለስም። ራሱን ወይም ሰው ሊጎዳ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ያለዚያ ግን እናትየዋ በእግራቸው መጥተዋል እኮ! በሩ ክፍት ነው።

ከጸበል ጋር አትጣዪ። በኤች አይ ቪ ጊዜ «ጸበል ነው ወይስ መድኃኒት?» ተብሎ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱም አብረው እንደሚሄዱ ተናግረዋል። ይህን ለእናትየው ንገሪያቸው፤ አጥማቂውንም ሄደሽ በትሕትና አነጋግሪ። እኔ «አባ፣ ጸሎቱ የእርስዎ፣ ክኒኑ የእኔ፤ ልጁ የጋራችን» እያልኩ ነበር የምገባው። እምቢ ያሉኝ አሉ። ብዙዎቹ ግን «ካልከለከልሽው አልከለክልሽም» ነው የሚሉት።

ሰዓቱን አስቢበት። ጠዋት ጸበል በብዛት ይጠጣል፣ ያስመልሳልም፤ ጠዋት የተዋጠ ክኒን አብሮ ይወጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምም አለ። ስለዚህ ማታ ከራት በኋላ አንድ ጊዜ የሚዋጥ ይሁን፤ ሪስፔሪዶንም ኦላንዛፒንም ለዚህ ይመቻሉ። ክሎርፕሮማዚን ከሆነ ፀሐይ ላይ ቆዳውን እንዳያቃጥለው፣ ሲነሳም አዙሮት እንዳይጥለው ንገሪያቸው። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን ሌላ ነው። ውኃ ሳይጠጣ እየጾመ ወይም እያስመለሰ ሊቲየም ከዋጠ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ይመርዘዋል። እሱን ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ እንዳትለቁት።

ሞዴኬት መልካም መድኃኒት ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ገና ነው። ፍሉፌናዚን በዘይት ተደርጎ ስለሚወጋ ቀስ እያለ ለሳምንታት ይለቀቃል። አንዴ ከገባ ማውጫ የለውም። በሃሎፔሪዶል ትናንት የዞረን አንገት ዛሬ ለወር በሚቆይ መርፌ አትፈትኚው። በክኒን ይረጋጋ፣ መድኃኒቱ ይስማማው፣ ከዚያ እሱም ቤተሰቡም ከፈለጉ በ12.5 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ኋላ እንደ ሁኔታው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይሆናል። ስትወጊ ሲሪንጁም መርፌውም ደረቅ ይሁን፤ ውኃ ከነካው ዘይቱ ይደፈርሳል። ወፈር ያለ መርፌ ያዢ። ቆዳውን በጣትሽ ወደ ጎን ሳቢ፣ መቀመጫው ላይ ጠለቅ አድርገሽ ወግተሽ ቀስ ብለሽ ግፊ፣ ትንሽ ቆይተሽ አውጪና ቆዳውን ልቀቂው። ዘይቱ ተመልሶ አይወጣም። ቦታውን አትሺው። ካርዱ ላይ ቀኝ ወይም ግራ ብለሽ ጻፊ፤ የሚቀጥለው በሌላው ጎን ነው።

የጤና ጣቢያ ነርስ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። እናትየውን ከሰዓት በኋላ እንደገና አገኘኋቸው። «እኛ ጋ የመጣ ሌላ ሰውም እንዲህ ይሆናል፣ ልጅዎ ብቻ አይደለም» ስላቸው አለቀሱ። ጸበሉ ሳይቋረጥ ማታ ማታ ክኒን ሊሰጡት ተስማምተዋል፤ አባትየውን ግን ገና አላሳመኑም። አንድ የነገሩኝ ነገር ከነከነኝ። ልጁ አንገቱ ከተመለሰ በኋላም ቁጭ ብድግ ሲል፣ እግሩን ሲያወዛውዝ፣ ሲንጎራደድ ነበር ያደረው። «ሰውነቴን ውስጡን ይበላኛል» ይል ነበር። ይህ በሽታው ነው ወይስ?

የማታ ተረኛ

ጥሩ አድርገሽ ሰማሽ። አካቲዥያ፣ ማለትም ከመድኃኒቱ የሚመጣ ቁጭ የማያስብል መቅበጥበጥ ይመስላል። ብዙ ቦታ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው «ተረብሿል» ይባልና ሃሎፔሪዶል ይጨመርለታል፣ እሱም ይብስበታል፣ አሁንም ይጨመርለታል። ጠይቂው፤ «ሐሳብህ ነው የሚያስነሳህ ወይስ እግርህ?» ብዙዎቹ «እግሬ» ይሉሻል። መድኃኒቱ ይቀነሳል ወይም ይቀየራል፤ አስም ከሌለበት ፕሮፕራኖሎል ይረዳል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በዚህ መቅበጥበጥ ተማርሮ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ አለ። ሳታፍሪ ጠይቂው።

ሌላም አለ። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ትኩሳት ካለው፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት ከገተረ፣ ካላበውና ከቃዠ መድኃኒቱን አቁሙና ሪፈር ጻፉ። ወባ ባለበት አገር ሁሉም ትኩሳት ወባ ይባላል። የወባ ምርመራው ፖዘቲቭ ቢሆንም እንኳ ክንዱን ያዢና እጠፊው። እንደ ብረት ከገተረ ወባ ብቻ አይደለም።

የመድኃኒት ቤት ልጅ

ሁለት ነገር ከመስኮቱ ወዲህ። አንደኛ፣ ሪስፔሪዶን ካለቀባችሁ ሰውየውን «አልቋል» ብላችሁ ባዶ እጁን አትመልሱት። ደውሉልንና ምን እንዳለ ጠይቁ፣ ሐኪሙ ይቀይርለት። ለአንድ ወር መድኃኒት ብሎ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ የሚሄድ ሰው እያለ ጎረቤት ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ያው መድኃኒት ቀኑ ያልፍበታል። የጤና መድን ካላቸውም ሪፈሩን በመስመሩ ጻፉላቸው፣ አለዚያ ከኪሳቸው ነው።

ሁለተኛ፣ ፖስታው ላይ «1x1» ብቻ አትጻፉ። እናትየው አያነቡት ይሆናል። ጨረቃ ሣሉበት፣ ሥሩ «ከራት በኋላ» ብላችሁ ጻፉ። አርቴኑን ለብቻ ፖስታ አድርጉት፣ የሚያቆምበትን ቀንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉበት። በፈረንጅ ስትጽፉት ቀኑ ካለፈ በኋላም ሲውጡ ይገኛሉ።